አክስቴ የተሳለመችው ምሰሶ

ከቶኪዮ ወደ ኒኮ በሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ፣ ገና ከከተማው ሳንወጣ ያስጠላኝ የአስተባባሪያችን እግር ነው። ካልሲውን አውልቆ ባዶ እግሩን ከፊቱ ባለው መስኮት ጠርዝ ላይ ሰቅሎታል። የአውራ ጣቱ ጥፍር ወፍራምና ቢጫ ነው፤ መስታወቱን በነካ ቁጥር የላብ ክብ ትቶበት ይነሣል። ከባቡር ጣቢያ የገዛውን፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ የተተለተለ የደረቀ የባሕር እንስሳ ያኝካል። ሽታው እኔና አክስቴ ካለንበት አልፎ እስከ መጨረሻው ወንበር ደርሷል።

“እትዬ፣ ትንሽ ይቅመሱ እስቲ” አለ ወደ አክስቴ ዞሮ።

“ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?”

“ይሄ እኮ ሥጋ አይደለም። ውኃ ውስጥ ያደገ ነው፤ ጎመን በሉት።”

“ጎመን እግር የለውም” አለች አክስቴ። ከኋላችን ያሉት፣ ዴንቨር አጠገብ ካለችው አውሮራ አብረውን የመጡት ሐበሾች ሳቁ።

አስተባባሪው አውሮራ ውስጥ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ስልክ የሚጠግንበትና የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥበት ትንሽ ሱቅ አለው። በዓመት አንዴ ሰው ሰብስቦ አንድ አገር ይወስዳል። ሰው የሚያውቀው ግን በሱቁ ሳይሆን በቪዲዮው ነው። የሄደበትን ሁሉ ይቀርጻል፣ ይለጥፋል፤ አውሮራ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያየዋል። እውነቱን ለመናገር ከጉዞው በፊት እኔም አይ ነበር።

ጃፓንን ማየት የፈለግኩት እኔ ነኝ። ዴንቨር ውስጥ የወጥ ቤት ቁምሳጥን የሚሠራ ወርክሾፕ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ቪዲዮ እያየሁ፣ የሚጣል ቁርጥራጭ እየለቀምኩ፣ ቤት ውስጥ ሳበላሽና ሳስተካክል የለመድኩት ነው። ጃፓኖች ያለ ሚስማር እንጨትን ከእንጨት የሚያቆላልፉበትን መንገድ በዓይኔ ማየት፣ ከተቻለም በጣቴ መዳሰስ እመኝ ነበር። አክስቴን ይዤ የሄድኩት ደግሞ ሰው ሲበዛ ስለማልናገር ነው። እሷ ለሁለታችንም ትናገራለች።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። እንግልውድ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስትሠራ ጸጉሯ ነጭ ሆኗል። አልወለደችም። በእኛ አፓርትመንት የወለደች ሴት ሁሉ ግን የታረሰችው በእሷ እጅ ነው። ገንፎ ታገነፋለች፣ ሕፃን ታጥባለች፣ እናትየዋ እንድትተኛ ሌሊቱን ሕፃኑን አቅፋ ትቀመጣለች። ክርስትና ሲደርስ ልጁን የምታነሣው ሌላ ናት፤ ወይ የእናትየዋ ዘመድ፣ ወይ ቤት የገዛች ጓደኛ። አክስቴ ያን ቀን ወጥ ቤት ትሆናለች።

በዚያ ዓመት ግን እዚሁ አሜሪካ ያደገች፣ ሴንቴኒያል የምትኖር ወጣት እናት፣ አክስቴ ያረሰቻት፣ ልጇን ክርስትና እንድታነሣላት ጠየቀቻት። አክስቴ ይህን ሰምታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ቧንቧውን ከፍታ ብዙ ቆየች። ክርስትናው ከጉዞው ከተመለስን በኋላ ነበር። ስለዚህ አውቶቡሱ ውስጥ የምታወራኝ ስለ ጃፓን አልነበረም።

“ካህኑ ሲሰጡኝ በየትኛው ክንዴ ነው የምቀበላት? ጉልበቴ ቢከዳኝስ?”

“አይከዳሽም፣ እታለም።”

“አንተ ምን ታውቃለህ፤ ጉልበቱ የእኔ ነው።”

አስጎብኚያችን ትንሽ ባንዲራ የያዘች ወጣት ጃፓናዊት ናት። ቃላቷን እየመረጠች በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ከዚያ አስተባባሪው ማይኩን ይቀበላትና ይተረጉማል፤ መተርጎም ከተባለ። እሷ መንገዱ ዳር ስለተደረደሩት ረጃጅም ዝግባዎች፣ አንድ መስፍን ለቤተ መቅደሱ ስጦታ ብሎ እንዳስተከላቸው ተናገረች። እሱ “ንጉሡ ነው ያስተከላቸው፤ ሚስቱ ጥላ ትወድ ነበር” አለ። ሚስት የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ሁለቱንም የምሰማ ሰው ስለሆንኩ ጥርሴን ነከስኩ። ወደ ቤተ መቅደሱ ስንቃረብ ደግሞ፣ እሷ ጫማ እንደሚወልቅና ውስጥ ፎቶ እንደሚከለከል ብቻ ስትናገር፣ እሱ እንዲህ አለ፦

“ይሄ እንግዲህ እንደኛ ገዳም በሉት። መነኩሴ አለ፣ ሱባዔ አለ፣ ጫማ ይወልቃል፣ ሴት ትከናነባለች።”

አክስቴ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

ዝናብ ያካፋ ነበር። ከአውቶቡሶች የወረደ ሰው ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ፣ ጃንጥላ ጃንጥላን እየወጋ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ይገፋፋል። የምንቆይበት ጊዜ አጭር ስለሆነ እየሮጥን ማየት ነበረብን። ዓመት ሙሉ የተመኘሁት የእንጨት ሥራ ላይ ደርሼ ከአንድ አጥር ሥር ቁጢጥ አልኩ። ሁለት ወፍራም እንጨቶች አንዱ የሌላውን ምላስ ጎርሶ ተቆላልፈዋል፤ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት የላቸውም። ከታች በኩል ብቻ፣ ማዕዘኑ በእርጅና ትንሽ ከፈት ባለበት ቦታ፣ አንድ ሰው ያኘከውን ማስቲካ ሰግስጎበታል። ሮዝ ነው፤ የጥርስ ምልክት አለበት። ጣቴ ነክቶት ነበርና ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። ጠዋቱ በሙሉ ከጣቴ የማይለቅ መሰለኝ።

ቀና ስል አክስቴ ደጃፉ ጋ ደርሳለች። ከዚህ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱን ነገር አይቻለሁ። ጫማዋን አውልቃ በሥርዓት ጎን ለጎን አስቀመጠች። ከፊቷ ያሉ አሮጊት ጃፓናዊት እጃቸውን አጋጥመው ጎንበስ አሉ። ከውስጥ ደወል ተመታ። የጢስና የእርጥብ እንጨት ሽታ ወጣ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ድረስ ሳብ አድርጋ አማተበች፤ በቀኝ በኩል ያለውን ምሰሶ በግንባሯ ነካችው፣ ከዚያ ሳመችው። ሐሳብ አልነበረበትም። በልጅነቷ ያለፈችበትን ደጅ ሁሉ እንዲሁ ነው ያለፈችው፤ መኪና ውስጥ ሆና እንኳ ቤተ ክርስቲያን ካየች ሰውነቷ ራሱ ይነሣል።

ከዚያ ቀና ብላ ወደ ውስጥ አየች። ሦስት በወርቅ የተለበጡ ግዙፍ ምስሎች ከጨለማው ውስጥ ቁልቁል ያዩዋታል።

“ተሳለሙ! ኧረ እትዬ ቡድሃን ተሳለሙ!” አለ አስተባባሪው ከኋላ። ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞታል፤ እየሳቀ ስለነበር የተላመጠው ነገር ጥርሱ መሐል ይታያል።

አስጎብኚዋ ግን አልሳቀችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለአክስቴ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። በዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ ያላስጠላኝ እሱ ብቻ ነው።

“እዚህ ማን ነው ያለው?” አለችኝ አክስቴ ቀስ ብላ።

“የእነሱ ነው፣ እታለም።”

ከንፈሯን በነጠላዋ ጠርዝ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። “ምን አድርጌ ነው?”

“እንጨት ነው የሳምሽው። ዝግባ ነው።”

“የማን ደጅ?” አለችኝ። ጫማዋን ሳታጠልቅ ዝናቡ ላይ ወጣች። “በዚህ አፌ ነው እንግዲህ ሕፃኗን የምስማት” አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ።

ምሳ ላይ ምንም አልቀመሰችም። ከአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ ስስ ቆዳ የመሰለ ምግብ ነው የቀረበው፤ ጾሙን የሚያስፈታ ነገር የለበትም ብዬ ጠይቄ ነገርኳት። ውኃ እየተጎነጨች አፏን ተጉመጠመጠች እንጂ አልነካችውም። በሌላው ጠረጴዛ አስተባባሪው ስልኩን ሳህን ላይ አስደግፎ ሰዎቹን ሰብስቧል። “እዩ እዩ፣ እዚህ ጋ ስትስም!” ይላል፤ ይመልሰዋል፤ እንደገና ያሳያል። ጠዋት ክርስትና የማነሣት ሕፃን አለችኝ ብላ ያወራችላቸው ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይስቃሉ።

አክስቴ ተነሥታ ሄደች። “አጥፋልኝ ወንድሜ።”

“ኧረ እትዬ፣ ይሄ እኮ ወርቅ ነው!”

“አውሮራ ስንመለስ ክርስትና የማነሣት ልጅ አለችኝ።”

“ታዲያ ምን ችግር አለው? ሰው ይሳቅ። ሳቅ ኃጢአት ነው እንዴ?”

ከምሳ በኋላ አውቶቡሱ ወደ ፏፏቴው የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ያዘ። ከመካከላችን አንዷ ሴት ዞሮባት በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስታወከች። እሱ ከወንበሩ ተነሥቶ እሱንም ቀረጸ። ሴትየዋ ቅድም ምሳ ላይ የሳቀችው ናት፤ አሁን ፊቷን በከረጢቱ ሸፍና “ተው እባክህ፣ ተው” ትለዋለች። አዘንኩላት ለማለት ፈልጌ ነበር፤ አላዘንኩላትም።

ወደ ፏፏቴው የሚወርደው በዓለት ውስጥ በተቆፈረ ሊፍት ነው። በእርጥብ ጃኬትና በሰው ትንፋሽ ታጭቀን ወረድን። ከታች የሲሚንቶ ሰገነት አለ። ውኃው ከላይ ካለው ሐይቅ ወጥቶ ባንድ ነጭ ግንድ ሆኖ ይወድቃል፤ ድምፁ በደረት ይሰማል። ቆንጆ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዓይኔ ያየዋል፤ ግን አልገባልኝም። ስልክ የተሰካባቸው ዘንጎች ከፊቴ ይወዛወዛሉ። ሰው ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ፣ ፊቱን አስተካክሎ፣ ተነሥቶ ይሄዳል። ከእኛ ቡድን ውኃውን በዓይኑ ያየው ከሁለትና ከሦስት ሰው አይበልጥም።

አስተባባሪው አክስቴ አጠገብ መጥቶ አጥሩን ተደገፈ።

“እትዬ፣ እንስማማ። የጠዋቱን አጠፋልዎታለሁ።”

“እግዜር ይስጥህ።”

“ቆይ ይስሙኝ። እርስዎ ደግሞ እዚህ ጋ ነጠላዎን ይዘርጉና፣ ፍንጣቂውን ፊትዎን እየቀቡ ‘ጸበል ነው፣ ጸበል ነው’ ይበሉልኝ። አንድ ደቂቃ አይሞላም።”

“ጸበል አለመሆኑን እኮ አውቃለሁ።”

“ለሳቅ ነዋ!”

“ይሄኛው ከጠዋቱ በምን ይሻላል?” አልኩት። በዚያ ቀን ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

“አንተ ደሞ አፍ አለህ እንዴ?” አለኝ። “ይሄኛው የበለጠ ያስቃላ። እትዬ፣ ምን አሉ?”

አክስቴ ውኃውን አየች። የምትመዝነውን አውቃለሁ። የጠዋቱ ቪዲዮ አውሮራ ከደረሰ ያቺን ሕፃን ሊነጥቋት ይችላሉ። ሁለተኛውን ካደረገች ደግሞ ቀልድ ነው ይባላል፤ ሰዎች ስቀው ያልፉታል፤ ምናልባትም ሕፃኗ ትቀርላታለች። ፍንጣቂው ፊቷ ላይ ጤዛ ሠርቷል፤ እሱን እንኳ ለመጥረግ እጇን አላነሣችም፤ እየቀባች እንዳይመስልባት መሰለኝ።

“የጠዋቱን ሳላውቅ ነው ያደረግሁት” አለች በመጨረሻ። “ይሄን አውቄ ባደርገው፣ ምን ብዬ ነው የምናዘዘው? ተወው።”

“እንግዲህ እኔን እንዳይወቅሱ” አለና አክታውን ጠርጎ በአጥሩ ላይ ወደ ፏፏቴው ተፋ።

ያን ምራቅ እስከ ታች ተከተልኩት። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ነጥቄ እዚያው ልወረውረው ክንዴ ተነሣ። አክስቴ እጅጌዬን ያዘች። “በእኔ ላይ ሌላ አትጨምርብኝ” አለች።

ወደ ቶኪዮ ስንመለስ እግሩን መልሶ ሰቅሎ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከቪዲዮው ሥር ዘፈን ሲመርጥ ይሰማኝ ነበር። አንዱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ሌላ ይከፍታል። ሆቴል ሳንደርስ ለጠፈው። የአውሮራ ሰው ገና ተኝቶ ነበር፤ ሲነሣ ግን ተቀባበለው። “እትዬ ሃይማኖት ቀየሩ”፣ “ጃፓን ገዳም ገቡ”፣ ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ረድፍ። እኔን ያስጠሉኝ የማያውቋት ሰዎች አይደሉም። ስማቸውን የማውቃቸው፣ ሚስቶቻቸውን ያረሰቻላቸው፣ ልጆቻቸውን አጥባ የጠቀለለቻላቸው ናቸው።

“አሳየኝ” አለችኝ አክስቴ። ሁለት ጊዜ አየችው። “ጀርባዬ እንዲህ ጎብጧል እንዴ?” አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

አውሮራ እንደተመለስን ሻንጣዋን ሳትፈታ ወደ ንስሐ አባቷ ወሰድኳት። መኪናውን ፓርክ አድርጌ ውስጡ ጠበቅኋት። ስትመለስ ቀበቶዋን አሰረችና ከፊት ለፊት እያየች ነገረችኝ።

“አባ ‘ስትስሚው ማንን አስበሽ ነው?’ አሉኝ። ‘ማንንም አላሰብኩም አባ፤ ዝናብ ነበር፣ ደጅ መሰለኝ’ አልኳቸው። ስግደት ሰጡኝ። ለጉልበቴ አዝነው ትንሽ ነው የሰጡኝ።”

“ልጅቷስ?”

“አንሺ ብለውኛል።”

በማግስቱ ሴንቴኒያል ሄድን። በሩን የከፈተችው የወጣቷ እናት፣ የሕፃኗ አያት ናት፤ በዕድሜ ከአክስቴ ጋር ይቀራረባሉ። ወጥ ቤት አስቀመጠችን፤ ሻይ ቀዳች፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጃፓን ብርድ ጠየቀች። እኔ የቁምሳጥኑ በር በጣት ውፍረት መዝመሙን እያየሁ ቁጭ አልኩ። ሻዩ ሳያልቅ አያትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አንቺ እኮ ምንም አላደረግሽም፤ እኔ አውቅሻለሁ። ግን ሰው አለ። ልጅቷ ስታድግ ‘የክርስትና እናትሽ ጣዖት የሳመችዋ ናት’ ቢሏትስ? ለሌላ ጊዜ ይሁን። ሌላ ልጅ መቼም ይወለዳል።”

አክስቴ ስኒውን አስቀመጠች። ይህ ለአያትየዋ እሺታ መሰላት።

“ያን ቀን ደግሞ ወጡን አንቺ ብትይዢልን፣ እንደ አንቺ የሚያወጣው የለም…”

ያንን ስትል ፈገግ ብላ ነበር። ከፏፏቴው ምራቅ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያስጠላኝ ያ ፈገግታ ነው።

“አባ ፈትተውኛል” አለች አክስቴ። “ካህን የፈታኝን አንቺ የምታስሪኝ በምን ሥልጣንሽ ነው?”

አያትየዋ አፏን ከፈተች፤ ከጀርባዋ ግን ልጇ ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደምትሰማ አላወቅንም።

“ማሚ፣ አንቺም እኮ ኮሜንት አድርገሻል” አለች። “አይቼዋለሁ። የሚስቅ ፊት ነው ያደረግሽው።”

“ሰው ሁሉ ሲያደርግ ነው እኮ…”

“ኖ። ልጄን የሚያነሡልኝ እሳቸው ናቸው። ዳን፣ አለቀ።” ሕፃኗን ከትከሻዋ አውርዳ አክስቴ ክንድ ላይ አስቀመጠቻት። አክስቴ እጇን ከፍታ ተቀበለቻት፤ ግን አልሳመቻትም። አፏን በነጠላዋ ጋርዳ ግንባሯን አየቻት።

ክርስትናው ንጋት ላይ ነበር። ሕፃኗ ከውኃው ወጥታ ስትጮህ፣ ካህኑ ለአክስቴ ሰጧት፤ በቀኝ ክንዷ ተቀበለቻት፤ ጉልበቷ አልከዳትም። አንገቷ ላይ ማዕተብ ሲታሰርላት አክስቴ ከእንባዋ ጋር ታገለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳመቻት።

ሴንቴኒያል አያትየዋ ቤት ለድግስ ስንመለስ አስተባባሪው ቀድሞን ተቀምጧል። ማን እንደጠራው አልጠየቅኩም። ሰው እየከበበ “የሚቀጥለው ወዴት ነው ጋሼ?” ይለዋል፤ አያትየዋ ሳህኑን ትሞላለታለች። ክትፎውን በጣቱ ጠርጎ ጎረሰና አክስቴ ስትገባ ጮኸ፦

“የጃፓኗ እትዬ! እስቲ ልጅቷን ይዘው አንዴ ወደዚህ!”

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ይበልጥ ያስጠላኝም እሱ ነው፤ ማንም ምንም እንዳደረገባት አያስብም። አክስቴ የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

“ይቺን አታነሣትም” አለችው። እንደ ቁጣ አልነበረም። መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ስልኩን እንደያዘ ተነሥቶ መጣ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ጣቶቹ በቅቤ ያበራሉ፤ ጃፓን ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ላይ እንዳየሁት የተላመጠ ነገር ጥርሱ መሐል አለ።

“ምን ሆነው ነው?”

“ሕፃኗ ተኝታለች” አልኩት።

“አንድ ደቂቃ ነው እኮ፣ ቪዲዮ አድርጌ…”

“ተኝታለች፣ ጋሼ።”

አልተኛችም ነበር። ከበሩ ኋላ አክስቴ ካህኑ ያወጡላትን የክርስትና ስም ቀስ እያለች፣ እየደጋገመች ስትነግራት ይሰማኛል። እሱ ከትከሻዬ በላይ እጁን ሰድዶ ነጩን በር ሁለቴ አንኳኳ። ማንም አልከፈተለትም። ሲሄድ የጣቶቹ ቅባት በሩ ላይ ቀረ፤ እኔም ከዚያ አልተነሣሁም።